የጎማ ሽፋኑ ካርቦን ተሰነጠቀ፣ ራሴ ልለጥፈው?

ጀማሪ አብራሪ (ቨርጂኒያ)፦ ሰላም ወገን። ከጓደኛዬ ጋር በሽርክና የገዛናት ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን አለችን። ቅዳሜ ከሃንጋር ስናወጣት የግራ ጎማው ሽፋን (ጎማውን ከውጭ የሚያለብሰው ቀፎ) ከበሩ ጋር ተላተመና ጣት የምታክል ስንጥቅ ወጣበት፣ ቀለሙም ተልጦ ጥቁሩ የካርቦን ክር ይታያል። ጓደኛዬ ከሃርድዌር ሱቅ ኢፖክሲ ሙጫ ገዝቶ መጣ፣ "ለጥፈነው እንብረር" ይላል። እኔ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የድሮ ቴክኒሻን፦ የተመታው የጎማ ሽፋን መሆኑ በጀህ፣ ክንፍ ቢሆን ኖሮ "እጅህን ሰብስብ" ነበር የምልህ። አሜሪካ ውስጥ የግል አውሮፕላን ያለው ባለፈቃድ አብራሪ እንዲህ ያለውን ቀላል የሽፋን ጥገና ራሱ መሥራት ይችላል፣ መዝገቡ ላይ ጽፎ መፈረም ግን አለበት።

ከኢፖክሲው በፊት ሳንቲም ያዝ። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ታየዋለህ። ካርቦን ግን ተመልሶ ይስተካከልና ጉዳቱን ውስጥ ይደብቃል። ቦሌ፣ አካሉ ከካርቦን የተሠራው ቦይንግ 787 ላይ ስሠራ ከላይ ጭረት ብቻ የሚመስለውን ነገር ማመን ያቆምኩት በዚህ ነው። ከደህናው ቦታ ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ ስንጥቁ አንኳኳ፣ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ድፍን ካለብህ ንብርብሩ ከውስጥ ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ በእርሳስ ክበብ። ቀለሙን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው እንጂ ማስለቀቂያ ኬሚካል እንዳታስነካው፣ ሬዚኑን፣ ማለትም የካርቦኑን ክር አያይዞ የሚይዘውን ሙጫ፣ ይበላዋል። ሬዚኑም አምራቹ በማኑዋሉ ያዘዘው ይሁን፣ በሚዛን ተለክቶ የሚደባለቅ ነው፣ በግምት አይሆንም።

የዳላስ ልጅ፦ አቧራውን አትናቁት! እኔ በቲሸርት ሆኜ ፍቄ ሁለት ቀን ክንዴን ሳክክ ከረምኩ። ማስክም፣ ጓንትም፣ ረጅም እጅጌም።

ጀማሪ አብራሪ፦ በኳርተር አንኳኳሁት። ድፍኑ ድምፅ አራት ጣት ያህል ይሄዳል፣ እስከ ብሎኑ ቀዳዳ።

የድሮ ቴክኒሻን፦ ቀዳዳው ድረስ ከሄደማ ነገሩ ተቀየረ። ሽፋኑን የሚይዘው እሱ ነው፣ ስታርፍ ተገንጥሎ ጎማው ውስጥ ቢገባስ? አውልቀውና ኮምፖዚት (እንዲህ ያለውን የክርና የሬዚን ሥራ) ለሚሠራ ሜካኒክ ውሰደው። ያለ ሽፋን መብረር ይፈቀድ እንደሆነ የአውሮፕላኗን መጽሐፍ እይ። ጓደኛህም ኢፖክሲውን ይመልስ።

ጀማሪ አብራሪ፦ ደረሰኙን ጥሎታል 😅