በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፦ ገደቡ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

አድሚን
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሁድ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬ ሰፈር ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ነው የተበታተንነው። ቶና ላይ ስንደርስ ግማሾቻችሁ ወደ ሥራ ሮጣችሁ። በረካውን ሦስት ሰው ነው የጠጣው። ክርክሩ ደግሞ ስለ ሥራ ሰዓት ነበር! እንግዲህ እዚሁ እንጨርሰው።

ላልነበራችሁ፦ አውስትራሊያ ውስጥ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። በእረፍት ወቅት የፈለገውን ያህል ይሥራ። ድሮ 40 ነበር። በኮቪድ ሰበብ ሠራተኛ ሲጠፋ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ገደቡን አነሱት። ጁን 30 ቀን 2023 ያ አበቃና በማግስቱ 48 ሆነ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ገደቡ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም። የዘር ፖለቲካ የለም። ቮይስ መላክም የለም፤ ማንም አያዳምጠውም።

የሌሊት ፈረቃ
ይነሳ! ወሬ ሳላበዛ ሂሳብ ላስቀምጥ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 24.95 ዶላር ነው። በ48 አባዙት፤ 1,197 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ታክስ ሳይነካው ነው ይሄ። እኔ ሰንሻይን ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ ለአንዲት ክፍል በሳምንት 260 እከፍላለሁ። በሁለት ሳምንት 520 ሄደ። ምግብ፣ ማይኪ (የባቡርና የአውቶቡስ ካርድ)፣ ስልክ፣ መብራት። እናቴ ደግሞ መድኃኒት አለባት። ለቀጣዩ ሴሚስተር ክፍያ ከየት ላምጣ? ሳምንቱን ሙሉ ልሠራ ጉልበቱ አለኝ፣ አሠሪዬም ሰው አጥቶ ይለምነኛል፣ አረጋውያኑም የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። መሀል ላይ የቆመው ወረቀት ብቻ ነው።

ባለ ካልኩሌተር
ኬዝዋል (ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ) ከሆንሽ 25 በመቶ ይጨመራል። 31.19 ነው። ሂሳቡን አታሳንሺው እንጂ።

የሌሊት ፈረቃ
ኬዝዋል ሲታመም ማን ይከፍለዋል? ሺፍቱ ሲሰረዝስ? 25 በመቶው የዚያ ካሳ ነው፤ ጉርሻ አይደለም።

ተመራማሪው
እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። የመጣነው ለትምህርት ነው። ቪዛው ራሱ የተማሪ ነው የሚባለው። አርባ ሰዓት የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ትምህርቱ ትርፍ ሥራ ይሆንበታል።

የሌሊት ፈረቃ
ወንድሜ፣ አንተ ፒኤችዲ አይደለህም እንዴ? ፒኤችዲና የምርምር ማስተርስ ላይ ያለ ሰው ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ የሰዓት ገደብ የለበትም። ራስህ የማትጾመውን ጾም ለእኛ ታውጃለህ?

ባለ ካልኩሌተር
ሃሃሃሃ። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ተመራማሪው
ተያዝኩ። እውነት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም። ግን የማየውን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቱቶሪያል አስተምራለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ፤ ያገራችን ልጅ አይደለም። በጃኬቱ ሥር የመጋዘን ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ይመጣል። እስክሪብቶው እጁ ላይ እንዳለ ይተኛል። መስመሩ ከደብተሩ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ይቀጥላል። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጠፋ። ኢሜይል ጻፍኩለት፤ “ሶሪ” ብቻ ብሎ መለሰልኝ።

ባለ ብስክሌቱ
ዶክተር፣ ያ ልጅ እኮ ገደቡ እያለ ነው እንደዚያ የሆነው። ታዲያ ገደቡ ምን ጠቀመው? የሚይዘው ሕግ የሚያከብረውን ሰው ብቻ ነው።

ሁለቴ የከፈልኩት
እኔ ገደብ ያልነበረበትን ዘመን የኖርኩበት ሰው ነኝና ትንሽ ላስረዝም፤ ታገሱኝ።

የመጣሁት ፌብሩዋሪ 2022 ነው። ገደብ የሚባል የለም። በሁለተኛው ሳምንት ላቨርተን መጋዘን ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ነበር። ከዚያ አራት። ኤፕሪል ላይ ስድስት ሌሊት እሠራ ነበር። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደመወዝ አይቼ አላውቅም። አገር ቤት ላኩ። እዚህ ዕቁብ ገባሁ። ሶፋ ገዛሁ። የምተኛበት ጊዜ ሳይኖረኝ ሶፋ!

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከአራት ዩኒት (የትምህርት ዓይነት) ሁለቱን ወደቅሁ። እኔ በምማርበት ክፍል አንዱ ዩኒት 4,300 ዶላር ነበር። ሁለቱን ለመድገም 8,600 ከፈልኩ። ዩኒቨርሲቲው “ውጤትህ አሳሳቢ ነው” የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ይሄ ደብዳቤ ቀልድ አይደለም። በትምህርቱ ወደፊት የማይሄድ የውጭ ተማሪን ተቋሙ ለመንግሥት ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው፤ ከዚያ የቪዛው ነገር ይከተላል። ሌሊት የሠራሁት ትርፍ ገንዘብ ተመልሶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ይሄን አይደለም። የከበደኝ እምቢ ማለት ነው። ወንድሜ ይደውላል፤ የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ ይላል። አክስቴ ትደውላለች። የጓደኛዬ ሠርግ አለ። ሁሉም ያውቃሉ፤ “እዚያ እኮ አሁን የፈለጋችሁትን ያህል ትሠራላችሁ” ይሉኛል። አለቃዬም ቅዳሜ ማታ “ሰው ቀረብኝ፣ ና” ይላል። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ደከመኝ ልበል? አበሻ ለእናቱ ደከመኝ ይላል? ጁላይ 2023 ገደቡ ሲመለስ የተሰማኝን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ዕፎይ አልኩ። “መንግሥት ከልክሎኛል” አልኳቸው። ማንም አልተቀየመኝም። እናቴ እንዲያውም “ሕጉን እንዳትጥስ ልጄ፣ አደራ” አለችኝ። እኔ ደከመኝ ብል አልቅሳ ታድር ነበር።

ስለዚህ ይቆይ። ለእኔ ያ ሕግ ከአለቃም ከዘመድም ያስጣለኝ ነው።

የሌሊት ፈረቃ
ይሄን እንኳን አልጠበቅሁም። ነካኝ። ግን አንተ እምቢ ማለት ስላልቻልክ እኔ ለምን ልታሰር?

ካሽ
አንተን ካስጣለህ እኔን ያነቀኝ እሱ ነው። ስሜን አልናገርም፣ ምግብ ቤቱንም አልናገርም። 48ቱን ሱፐርማርኬት በሕጉ እሠራለሁ። አልበቃኝም። ማታ ማታ አንድ ወጥ ቤት በካሽ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። በሰዓት 15 ዶላር። ከዝቅተኛው ክፍያ በ10 ዶላር ገደማ ያነሰ ማለት ነው። አንድ ቀን የሦስት ሳምንት ገንዘብ አልሰጥም አለኝ። ስጠይቀው በፈገግታ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ኢሚግሬሽን ያውቃል?” ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ። ገደብ ባይኖር ኖሮ ያንን ሰው አላውቀውም ነበር።

ተመራማሪው
ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ሌላውም ሰው ይወቀው፦ ከጁላይ 2024 ጀምሮ አሠሪ የሠራተኛውን የቪዛ ሁኔታ እንደ ማስፈራሪያ ቢጠቀም ወንጀል ነው። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ ሆን ብሎ ደመወዝ ማጉደልም ወንጀል ሆኗል። ፌር ወርክ፣ የሠራተኛ መብት የሚያስከብረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለቪዛ ያዥም ይሠራል፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

ካሽ
አውቃለሁ። ሕጉን ማወቅና ስልኩን ማንሳት ለየብቻ ናቸው።

ጋሼ ታክሲ
ልጆቼ፣ እኔ የተማሪ ቪዛ አላውቅም። በሱዳን በኩል በስደት ነው የመጣሁት፤ ከ30 ዓመት በፊት። ይሄን ቡድን ያስገባችኝ ልጄ ናት። አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ቪዛ ስትጠይቁ ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ አለን ብላችሁ ማስረጃ ታቀርባላችሁ፣ አይደለም? 29,710 ዶላር ነው አሉኝ፣ የትምህርቱ ክፍያና የአውሮፕላኑ ትኬት ሳይቆጠር። አለኝ ብለህ ፈርመህ መጥተህ ሳምንት ሳይሞላህ የለኝም ትላለህ። ነጮቹ ይሄን ሲያዩ ምን ይበሉ?

ባለ ብስክሌቱ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። እኔ ግን አልዋሸሁም። አባቴ ገንዘቡን በብር አዘጋጅቶ ነበር፤ የቤት መሥሪያ ቦታችንን ሸጦ። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ ይተመን ተባለ። አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፍዬ ነበር፤ የሁለተኛው ገንዘብ ባንክ ውስጥ እንደተቀመጠ ዋጋው ግማሽ ሆነ። ማንም አልሰረቀንም፤ ሳንነካው ሟሟ። አባቴ ይሄን ሲነግረኝ እኔ ዝናብ ላይ የሰው ፒዛ ይዤ ቆሜ ነበር።

ጋሼ ታክሲ
ይቅርታ ልጄ። ይሄን አላሰብኩትም። አባትህን ሰላም በልልኝ።

ነርሷ
ሁላችሁም 48 ላይ ተጣብቃችኋል። የእኛን ጉድ ላውራችሁ። የነርሲንግ ዲግሪ ቢያንስ 800 ሰዓት ፕሌስመንት (የተግባር ልምምድ) ይጠይቃል፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ ያለ ክፍያ። የትምህርቱ አካል ስለሆነ ከ48ቱ አይቆጠርም። ግን ሙሉ ሳምንት ሆስፒታል ውዬ መቼ ነው የራሴን ሥራ የምሠራው? ባለፈው ፕሌስመንቴ አምስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ቅዳሜና እሁድን ብቻ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ መንግሥት ፕሌስመንት ላይ ላሉ ነርሲንግ ተማሪዎች ድጎማ ጀምሯል። ለአገሬው ተማሪ ብቻ። አብራኝ አንድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ድጎማ አላት፣ እኔ የለኝም፤ የምንቀይረው ዳይፐር ግን አንድ ነው። ገደቡን አንስታችሁ 100 ሰዓት ብትፈቅዱልኝ በፕሌስመንት ሳምንት ምን ያደርግልኛል? ለእኔ ክርክሩ ይሄ ነው።

ባለ ካልኩሌተር
ይሄ ራሱን የቻለ ፖስት ይገባዋል። አድሚን፣ ለሚቀጥለው ያዝልን።

ገና አዲስ አበባ ያለሁት
ይቅርታ፣ እኔ ገና አልመጣሁም፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የቪዛ ማመልከቻው ብቻ 2,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገብቷል። እስከ ጁን 2024 እኮ 710 ነበር። መጀመሪያ 1,600፣ ከዚያ ጁላይ 2025 ላይ 2,000። ቢከለክሉህ አይመለስም። የአዲስ ገቢዎችንም ቁጥር መወሰን ጀምረዋል፤ ለ2025 ዓመት 270,000፣ ለ2026 ደግሞ 295,000 ብለዋል። ሰበቡ ምንድን ነው? ቤት ጠፋ፣ የውጭ ተማሪ በዛ፣ የሚመጡት ለሥራ ነው የሚል ነው። እናንተ እዚያ ገብታችሁ “ሰዓቱ ይነሳልን” ስትሉ የሚያረጋግጥላቸው ይሄንኑ ነው። እናንተን አያባርሩም፤ በሩን የሚዘጉት እኛ ላይ ነው። እኔ ሁለት ዓመት አይኢኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ስፈተን የኖርኩት ለትምህርቱ ነው። እባካችሁ።

የሌሊት ፈረቃ
እህቴ፣ እንኳን ደፍረሽ ተናገርሽ። ግን አንድ ነገር እወቂ። በኤፕሪል 2020 በኮቪድ መሀል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሞሪሰን፣ ጎብኚም ሆነ የውጭ ተማሪ ራሱን መቻል ካልቻለ ወደ አገሩ ይመለስ አሉ። ሁለት ዓመት አልሞላም፣ ሠራተኛ ሲጠፋ “ኑ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ሥሩ” አሉን፤ የቪዛውን ክፍያ ሳይቀር ለተወሰነ ጊዜ እንመልሳለን ብለው። ሰዓቱ ይነሳ ስንል ሰሙን፣ ይቆይ ስንል ሰሙን፣ በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም በራሳቸው ሂሳብ ነው። እኛ ጨዋ ስለሆንን የሚሰፋ በር የለም።

ሁለቴ የከፈልኩት
በዚህ እስማማለሁ። ሂሳቡ የእነሱ ነው። ለዚህ እኮ ነው እኔም የራሴን ሂሳብ የያዝኩት። ሶፋውን ሸጥኩት፣ በነገራችን ላይ።

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን እያነበብኩ ነበር። አንድ የጅል ጥያቄ ልጠይቅ? 48ቱ የሚቆጠረው ከደመወዝ ቀን እስከ ደመወዝ ቀን ነው አይደል?

ባለ ካልኩሌተር
አይደለም! ከሰኞ የሚጀምር የትኛውም 14 ቀን ነው። ይንሸራተታል። አንደኛውና ሁለተኛው ሳምንት ተደምረው ከ48 ማለፍ የለባቸውም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንደዚሁ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም። ስንት ስንት ሠራህ?

አዲስ ገቢ
18፣ ከዚያ 30። ደመወዝ ገባ። በዚህኛው ሳምንት ሮስተሬ (የሥራ ፕሮግራሜ) ላይ 22 አለ።

ባለ ካልኩሌተር
18 እና 30፣ 48፤ ጥሩ። 30 እና 22 ግን 52 ነው። በአራት ሰዓት አልፈሃል።

አዲስ ገቢ
ኧረ በማርያም! ገና አልሠራሁትም ግን። የቀረኝ የእሁዱ አራት ሰዓት ነው።

ሁለቴ የከፈልኩት
ዛሬውኑ ለሱፐርቫይዘርህ ጻፍ። “የቪዛ ሰዓቴ ሞልቷል” በል። ሌላ ምክንያት አትጨምር።

አዲስ ገቢ
እሁድ እኮ ክፍያው ከሌላው ቀን ይበልጣል…

የሌሊት ፈረቃ
ይብለጥ። ይነሳ የምለው እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገርህ፤ እስኪነሳ ድረስ ልቀቀው። ለአራት ሰዓት ብለህ ቪዛህን አትነካካ።

አዲስ ገቢ
ላክሁት። “ኖ ዎሪስ” አለኝ። በቃ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

አድሚን
እሁድ ነፃ ከሆንክ ፉትስክሬ ና። ጀበናው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጣዳል። በረካውን ሳትጠጣ ግን አትሄድም።