ትንፋሽ ያጠረው ሰው፦ እዚያው ይጀመርለት ወይስ ወደ ደሴ ይሮጥ?

ጀማሪ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምቡላንስ ላይ የተመደብኩት በቅርቡ ነው። ትንፋሽ አጠረው ተብሎ ስንጠራ ቤተሰቡ ገና በር ላይ "ቶሎ ጫኑትና ደሴ አድርሱልን" ይላል። እኔ ደግሞ እዚያው ጀምሬለት ብንነሳ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የሐረጎን አቀበት እየተጠማዘዙ ሲወጡ መኪና ውስጥ እጅ አይረጋማ። አስም ይሁን ልብ በምን ቶሎ ልለይ? ኦክሲሜትሩስ (ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ) ስንት በመቶ ሲያነብ ነው መደንገጥ ያለብኝ?

የፒያሳ ልጅ፦
መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ጭነህ ንዳው፣ ሐኪም ያየዋል።

ሲስተር ከደሴ (ድንገተኛ ክፍል)፦
የፒያሳ ልጅ፣ በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል ግን አልስማማም። እኛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምንሰጠው ኦክስጅንና ሳልቡታሞል (የጠበበ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው የሚሳብ መድኃኒት) ነው። እነሱ አምቡላንሱ ውስጥ አሉ። ታዲያ ለምን ይዘግይበት?

ጀማሪ፣ አብሽር፣ ይለመዳል። መሣሪያ ሳታወጣ ሰውየውን እየው። ስሙንና መቼ እንደጀመረው ጠይቀው። ሳይቋረጥ ከነገረህ ጥቂት ጊዜ አለህ። በየቃሉ መሀል አየር የሚስብ ከሆነ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ካጎነበሰ፣ የአንገቱ ጡንቻ ከተገተረ ከባድ ነው። ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠር። አዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ነው፣ 30 ካለፈ አትዘናጋ። እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው ሲፏጭ የቆየ ደረት ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ቤተሰብ "እፎይ፣ ቀለል አለው" ይላል። አልቀለለውም፣ እየደከመ ነው። ያኔ አምቡ ባግህ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) እጅህ ላይ ይሁን።

አስምና ልብ ያልከው ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይለይም፣ የደከመ ልብም ያፏጫል። ስንት ትራስ ደርቦ እንደሚተኛ ጠይቅ፣ እግሩን ተጫንና አብጦ እንደሆነ እይ። ትራስ ካበዛ፣ እግሩ ካበጠ ወይም አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ካለ ወደ ልብ አስብ፣ እግሩን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጠው፣ እባክህ ቤተሰብ ስለጠየቀህ ብቻ ጉሉኮስ አትስቀልበት። ሳንባው ውኃ ሞልቶ ሌላ ውኃ እየጨመርክበት ነው። ከመርፌ ወይም ከምግብ በኋላ ከንፈሩ ያበጠና ሰውነቱ ያሳከከው ከሆነ አናፊላክሲስ (ከባድ የአለርጂ ድንገተኛ ሕመም) ነው፣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ጡንቻ ውስጥ፣ ሳትዘገይ። ደረቱ ንጹሕ ሆኖ በረጅሙና በፍጥነት የሚተነፍስ ካጋጠመህ ደግሞ ስኳሩን ለካ። ስንቱ የስኳር ታማሚ "አስም ተነሳበት" ተብሎ ይመጣል መሰለህ።

አስም ከሆነ ሳልቡታሞል በስፔሰር (ኢንሄለሩ ጫፍ ላይ በሚሰካው ባዶ ቱቦ) ስጠው። ስፔሰር ከሌለህ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፣ ቂጡን በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቅደደውና አጥብቀህ ሰካው፣ ታማሚው በጠርሙሱ አፍ ይሳብ። በየጊዜው ኢንሄለሩን ነቅንቀህ አንድ ፐፍ (አንድ ጊዜ መጫን)፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይተንፍስ፣ ከዚያ ሌላ ፐፍ። ከባድ ከሆነ ከ4 እስከ 10 ፐፍ በየ20 ደቂቃው፣ በመጀመሪያው ሰዓት። ኦክስጅኑ ግን በዚህ መሀል አይቋረጥ።

ስለ ቁጥሩ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እናንተ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ቢያነብ አልደነግጥም፣ ከ90 በታች ከሆነ ግን ኦክስጅን ይጀመር። ዕድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ ሲያበስሉ የኖሩና ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች አሉ፣ እነሱን ከ88 እስከ 92 ላይ ያዛቸው፣ ከዚያ በላይ ማስፈንጠር አያስፈልግም። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር በጥቁር ሂና ከተቀባ ቁጥሩ ያሳስታል። የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምቱን ቁጠርና መሣሪያው ከሚያሳየው ምት ጋር አስተያየው፤ ካልገጠመ ሳቹሬሽኑንም (የኦክስጅኑን መቶኛ) አትመን።

የአምቡላንስ ሹፌር፦
ሲስተር ልክ ነች። ሐረጎ ላይ ተሳቢ ከፊት ከገባ ሳይረን ብቻውን አያሻግርህም፣ ክረምት ጉም ሲወርድማ አስፋልቱም አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራችሁን ሥሩ፣ ከዚያ እኔ ረጋ ብዬ እነዳለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አየር ያጠረውን ሰው በግድ ቃሬዛ ላይ በጀርባው አታስተኙት። ታግሎ የሚነሳው ስለሚታፈን ነው። ራስጌውን ከፍ አድርጉለት፣ ሲሊንደሩንም እሰሩ። ኩርባ ላይ ከተንከባለለ ሌላ ጣጣ ነው።

ጀማሪ ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተርዬ አንቺንም ጀዛኪላህ። ኦክስጅኑ መንገድ ላይ እንዳያልቅ በምን አውቃለሁ?

ሲስተር ከደሴ፦
ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ሊትር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያነበው ባር አባዛው፣ ከዚያ በደቂቃ ለምትሰጠው ሊትር አካፍለው። ባለ 10 ሊትሩ 100 ባር ካነበበ 1,000 ሊትር አለህ ማለት ነው፣ በደቂቃ 10 ሊትር ብትሰጥ 100 ደቂቃ። የመጨረሻውን ሩብ እንደሌለ ቁጠረው፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሳትነሳ ደግሞ ደውልልን፦ ዕድሜው፣ ትንፋሹ ስንት፣ ሳቹሬሽን ኦክስጅን ሳይሰጠውና ከተሰጠው በኋላ ስንት፣ ምን በስንት ሰዓት ሰጠኸው። ያንን ካወቅን አልጋውንም ኦክስጅኑንም አዘጋጅተን እንቀበላችኋለን።