ከአገር ቤት የመጣ የአምቡላንስ ባለሙያ ከሀ ሁ ይጀምር ወይስ ይፈተን?

ጥያቄውን ያነሳው፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

አዲስ አበባ በድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንነት ተመርቄ ስድስት ዓመት አምቡላንስ ላይ ሠርቻለሁ። ሽሮ ሜዳ መንገዱ ተዘግቶ፣ መኪናችን እንደቆመ፣ ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ። አሜሪካ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ «ወረቀትህ እዚህ አይሠራም» የሚል ነው። ሌላ ቦታ ጠየቅኩ፣ እንደዚያው።

አብሮኝ አምቡላንስ ላይ ይሠራ የነበረ ነርስ ጓደኛዬ ከእኔ ዓመት ቆይቶ መጣ። የእሱን ማስረጃ ሲጂኤፍኤንኤስ የሚባለው ድርጅት መረመረለት። ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈቃድ ፈተና ተፈተነ፣ አለፈ፣ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ለሐኪምም መንገዱ ረጅም ነው እንጂ አለ። ለፓራሜዲክ፣ ከፍ ላለው የአምቡላንስ ባለሙያ ደረጃ ማለቴ ነው፣ ግን ያገር ቤት ትምህርቱን መዝኖ «ይሄን ጨርሰሃል፣ ይሄ ይቀርሃል» የሚል እንዲህ ያለ በር አልተሠራም። ናሽናል ሬጅስትሪ የሚባለው ፈታኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ በፓራሜዲክ ደረጃ ለመፈተን እዚህ አገር እውቅና ካለው ፕሮግራም መውጣትን ግዴታ አድርጓል። እኔ ሳልፈተን ልለፍ አላልኩም። ብወድቅ ልውደቅ። የተከለከልኩት መፈተኑን ነው።

ኢኤምቲውን፣ ከፓራሜዲክ በታች ያለውን ደረጃ፣ እንደ አዲስ ተማርኩ፣ 150 ሰዓት ገደማ ነው፤ አልከፋኝም። ፓራሜዲኩ ግን ከ1,200 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። እስከዚያው አገሬ ላይ በየቀኑ የምሰካውን ግሉኮስ እዚህ ሌላ ሰው ሲሰካ ከረጢቱን ይዤ እቆማለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ለበሽተኛው ጥበቃ ነው?

አሠልጣኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ የምልህን በክፉ አትውሰድብኝ። እኔም እንዳንተ ተሰድጄ መጥቼ ከታች ጀምሬ ነው ፓራሜዲክ የሆንኩት። አሁን አዳዲሶችን ሥራ ላይ አሠለጥናለሁ። ጥበቃ ነው እላለሁ።

ሌላ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ አብሮኝ ወጥቶ ነበር። እጁ ጎበዝ ነው፣ ደም ሥር አይስትም። አስም የያዘው ሕፃን ቤት ገባን። ልጁ ባልደረባውን «ሳልቡታሞል አቀብይኝ!» አላት። አፍጥጣ አየችው። እዚህ የሚታወቀው አልቡቴሮል ተብሎ ነው። አድሬናሊን እዚህ ኤፒነፍሪን ነው፣ ፓራሲታሞል አሴታሚኖፈን ነው። ያ የጠፋው ጊዜ ምናልባት አምስት ሰከንድ ነው። የሕፃኑ ከንፈር ግን ሰማያዊ ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። የሕፃኑ እናት ክብደቱን ስትጠየቅ «44» አለች። ፓውንድ ነው፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። ልጁ 44 ኪሎ ብሎ ማስላት ጀመረ። ከሚገባው ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ሊሆን ነው። አስቆምኩት። ሕፃኑ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ባልኖርስ?

እዚህ ፓራሜዲክ የሚሠራው በሐኪም ኃላፊነት ሥር ነው። ሐኪሙ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የሕክምና መመሪያውን፣ አስቀድሞ ይፈርማል፣ አንተ ሳትደውል መድኃኒቱን ትሰጣለህ። ስለዚህ ሐኪሙ የማንን እጅ እንዳመነ ማወቅ አለበት። ደግሞ የናሽናል ሬጅስትሪው የፓራሜዲክ የተግባር ፈተና እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ቀርቷል። የቀረው ኮምፒውተር ላይ የሚፈተኑት ነው። እጅህን አይቶ «ይችላል» የሚለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱን ከዘለልከው እጅህን ማን አየው?

ከዉድብሪጅ ቨርጂኒያ

የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሜዲክ ነበርኩ። ጦሩ የሚያስይዘን ወረቀት የኢኤምቲ ነው። የሚፈስ ደም አቁሜያለሁ፣ ደረቱ አየር የሞላበትን ሰው በመርፌ አስተንፍሻለሁ። ከጦሩ ስወጣ ሲቪሉ ዓለም ያወቀልኝ ያንኑ ኢኤምቲ ነው። ነገሩ ሐበሻ ስለሆንክ አይደለም ለማለት ነው። ግን ልክ ነው ማለቴም አይደለም።

ከዲሲ

ስለ ውጭ አገሩ ስታወሩ የጎረቤቱን አትርሱት። ከዚህ ሜሪላንድ በእግር ይገባል፣ ቨርጂኒያ ድልድይ መሻገር ነው። መኪና የሚነዳ ሰው የት ስቴት እንዳለ ሳያስበው ይውላል። የኢኤምኤስ (የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት) ሠራተኛ ግን ሦስት ቦታ ሦስት ወረቀት ነው።

የኢኤምኤስ ኮምፓክት የሚሉት የስቴቶች ስምምነት አለ፣ ቨርጂኒያም አባል ናት። ብዙ ሰው «እሱ ካለ የትም መሥራት ይቻላል» ብሎ ይሳሳታል። ስምምነቱ የሚያገለግለው በራሱ ስቴት ላይሰንስ እየሠራ በሽተኛ ይዞ ድንበር ለሚሻገር፣ ወይም ለአጭር ጊዜ ለሚላክ ሰው ነው። ጠቅልለህ ሌላ ስቴት ገብተህ ልቀጠር ካልክ የዚያኑ ስቴት ላይሰንስ ማውጣት አለብህ። እኔ ስዛወር የናሽናል ሬጅስትሪ ካርዴ የጸና ነበር፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩትም። እንደዚያም ሆኖ የጣት አሻራው፣ የቀድሞ ስቴቴ ደብዳቤ፣ የአዲሱ ፕሮቶኮል ፈተና ተደማምሮ አራት ወር ቤት ቁጭ አልኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ፕሮቶኮሉ ለመላው ስቴት አንድ ነው። ቨርጂኒያ እንደየአካባቢውና እንደየድርጅቱ ይለያያል። ፕሮቶኮሉን ልማር፣ እሺ። ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ ከሰው ጋር ተመድቤ ብማረው ምን ነበረበት?

የታማሚ ልጅ፣ ከታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ

ሙያው የለኝም፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት «መጋኛ ወጋኝ» ብላ ተነሳች። እኛ ጤና አዳም በቡና ሰጠናት። አላባት። 911 ደወልን። ፓራሜዲኩ ፈረንጅ ነው፣ «ምን ሆነች?» ሲለን «ጎኗን ትንሽ አሟት ነው» ብለን ተረጎምን። በእኛ ቤት መርዳታችን ነው።

ሁለተኛው ኢኤምቲ ሐበሻ ልጅ ነበር። ተንበርክኮ «እማማ፣ መጋኛው የቱ ጋ ነው የወጋዎት? ወደ ክንድዎ ይሄዳል?» አላት። ደረቷን በመዳፏ ይዛ፣ በግራ ክንዷ እስከ ክርኗ ወርዳ አሳየችው። ለፓራሜዲኩ ነገረው፣ ወዲያው ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ። የልብ ደም ሥሯ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ አለች።

ያ ልጅ በኋላ ሲያጫውተን አገር ቤት ስንት ዓመት አምቡላንስ ላይ እንደሠራ ነገረን። አንተን መሰለኝ፣ ወንድሜ። በሌላ በኩል አሠልጣኙ ስለ 44ቱ የጻፉትን ሳነብ የልጅ ልጆቿን አስቤ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። መጋኛን የሚያውቅ፣ ፓውንዱንም የማይሳሳት።

ከሜልበርን አውስትራሊያ

እዚህ እያንዳንዱ ስቴት ለየብቻው ይሠራ ነበር። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ፓራሜዲክ በአገር አቀፍ ደረጃ ይመዘገባል፣ አንድ ምዝገባ መላ አገሩን ያሠራል። ውጭ የተማረውን ሰው ማስረጃ ቦርዱ ይመዝናል። እንግሊዝም ኤችሲፒሲ የሚባለው መዝጋቢ የእያንዳንዱን ሰው ትምህርትና የሥራ ልምድ ከመለኪያው ጋር እያነጻጸረ ነው የሚወስነው። ብዙ ሰው ይመለሳል፣ አልዋሽም። ግን ማመልከቻህን ከፍቶ የሚያነብ ሰው አለ።

ጥያቄውን ያነሳው

አሠልጣኝ፣ ስለ 44ቱ ያሉት ገብቶኛል። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እኔም በኪሎ ነው የማስበው፣ ተቀብያለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጋሼ። ያንን ሕፃን ያዳነውና ሠልጣኙን ልጅ ያስተካከለው ምንድነው? ክፍል ውስጥ የተቀመጠው 1,200 ሰዓት ነው? እርስዎ ጎኑ መሆንዎ ነው። የእኔም ሐሳብ እዚያው ነው ያለው። የጽሑፍ ፈተናውን ይክፈቱልን። የተግባሩንም እዚያው ትምህርት ቤት፣ እነሱ በሚፈትኑበት ክፍል፣ በእነሱ የመለማመጃ አሻንጉሊትና በእነሱ ዓይን ይፈትኑን፤ የጎደለንን ብቻ ከፍለን እንማር። ከዚያ ለብቻችን መድኃኒት ሳንሰጥ እንደ እርስዎ ካለ ሰው ጋር ሺፍት እንውጣ። ብቁ ነው ብለው ሲፈርሙ ብቻ ሐኪሙ ይፍቀድ። ስለ ልብ ምት መቆም ስምንት ወር ቁጭ ብዬ እንደገና ከመስማት፣ ሁለት ወር ከእርስዎ ጋር ብወጣ የበለጠ እማራለሁ።

አሠልጣኙ

የመጨረሻውን አልክድም። ፈተናውን ይክፈቱ በሚለው አሁን ከአንተ ጋር ነኝ፤ ትናንት አልነበርኩም። በሁለት ወሩ ግን አልስማማም። ሁለት ወር ውስጥ አንድም የሚንቀጠቀጥ ሕፃን፣ አንድም አስቸጋሪ የመተንፈሻ ቱቦ ላይገጥምህ ይችላል። በቀን አይቆጠርም፣ ባየኸው በሽተኛ ዓይነት ነው የሚቆጠር። የኔ ፊርማ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ደግሞ ማንም የጎደለህን ሊነግርህ ከፈለገ የተማርከውን ማየት አለበት። የትምህርት ዝርዝሩ በእጅህ አለ? እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየህ የሚያሳይ፣ ማኅተም ያለበት?

ጥያቄውን ያነሳው

ዲፕሎማውና ውጤቱ አለኝ። ዝርዝሩ የለኝም። ኮሌጁን ስምንት ወር ለመንኩ፣ «ፋይሉ አልተገኘም» ይሉኛል። ወንድሜ ሰኞ በአካል ሊሄድልኝ ነው። አብራችሁኝ የተመረቃችሁ እዚህ ካላችሁ፣ የሁላችንንም በአንድ ደብዳቤ ይጠይቅልን። ስማችሁንና የተመረቃችሁበትን ዓመት በውስጥ ላኩልኝ።