በመስኖ ቦያችን ያለው ቀንድ አውጣ የትኛው ነው? እንዶድ እንጨምርበት ወይስ እንተወው? (ቃሉ፣ ደቡብ ወሎ)

መስኖ ሐርቡ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ከምንጭ የተጠለፈ የአፈር ቦይ አለን። ወርዱ 60 ሳ.ሜ.፣ የውሃው ጥልቀት 25 ሳ.ሜ. ነው። ሌሊት ውሃው በገንዳ ይጠራቀማል፤ ገንዳው 10 በ8 ሜትር ሲሆን አንድ ሜትር ይጠልቃል። ቀን ለሽንኩርትና ለማሾ እንለቀዋለን፣ ትርፉ ቦርከና ይገባል። ልጆች ገንዳው ውስጥ ይዋኛሉ፤ ከብቱም ከቦዩ ዳር ይጠጣል፣ ሣሩንም ይግጣል።

ቀንድ አውጣው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ አንዱ እንደ ብሎን የሾለና ረጅም፣ አንዱ ደግሞ ስስ፣ ሆዱ የተነፋ። ደለል ስናወጣ የምስር ፍሬ የምታህል ሁለት ክዳን ያላት ዛጎልም ተገኘች። ጎረቤት ሁሉ «ይሄ ሁሉ ቢልሃርዚያ ነው፣ እንዶድ ድፉበት» ይላል። እውነት ሁሉም ነው? እንዶዱስ በምን ልክ?

ሐይቅ ዳር (ተሁለደሬ)

ወንድም፣ ከመድፋትዎ በፊት ይለዩት። ዛጎሉን ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙ። አፉ በስተቀኝ ከሆነ የሊምኒያ ወይም የሜላኖይደስ ወገን ነው። በስተግራ ከሆነ ቡሊነስን ይጠርጥሩ። ቡሊነስ የሽንት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ሲሆን በሽታው በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነው። በእናንተ ከፍታ የሚያሰጋው የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ነው፤ እሱን የሚሸከመው ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋው ነው።

ጠፍጣፋ ሁሉ ግን ባዮምፋላሪያ አይደለም። ከ5 ሚ.ሜ. ብዙም የማያልፉ ጠፍጣፋ ዘመዶች አሉት፣ እነሱ ይህን በሽታ አይሸከሙም። የጎለመሰ ባዮምፋላሪያ ከ10 እስከ 15 ሚ.ሜ. ይደርሳል፣ በሁለቱም ጎን መሐሉ ጎድጎድ ይላል። በነጭ ሳህን ላይ በውሃ ትተውት ሲወጣ ቢያዩት ቀንዶቹ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፣ ሥጋውም ቀላ ይላል። ቅላቱ ደሙ እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። የሊምኒያ ቀንድ ግን ሰፋ ያለ፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ትናንሾቹ የጠፍጣፋው ግልገል ሊሆኑ ስለሚችሉ በትንሹ ብቻ አይፍረዱ፤ ትልቁን ፈልጉ።

እንደ ብሎን የሾለው ሜላኖይደስ ነው። ሲነኩት ገብቶ በቡናማ ክዳን በሩን ይዘጋል፣ ሌሎቹ ክዳን የላቸውም። ቢልሃርዚያን አያስተላልፍም። ሁለት ክዳን ያላት የምስር ፍሬ ደግሞ ፒሲዲየም የምትባለው ሳትሆን አትቀርም፤ ውሃ እያጣራች የምትኖር፣ ልጆቿን በዛጎሏ ውስጥ የምታሳድግ ናት። ምንም ክፉ የላትም። ከዝናብ በኋላ በአጥር ላይ የሚወጣውን የየብሱን ቀንድ አውጣም ከዚህ አትቀላቅሉት፤ የየብሱ ዓይኖች በረጅሙ ቀንድ ጫፍ ላይ ናቸው፣ የእነዚህ የውሃዎቹ ግን በቀንዱ ሥር።

አሁን ቀጣዩ ጥያቄ፣ ጠፍጣፋው በሽታው አለበት ወይ? ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን ይዞ አይወለድም። የሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ጮርቃው ቀንድ አውጣው ውስጥ ይገባል፣ ከ4 እስከ 5 ሳምንት በኋላ ሰርካሪያ የሚባለው፣ በሰው ቆዳ የሚገባው ጮርቃ በሺዎች ሆኖ ይወጣል። ለማየት ጓንት አድርጋችሁ እያንዳንዱን በተለያየ ብርጭቆ፣ 10 ሚ.ሊ. ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ውሃው ግን እንዳይግል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ጥቁር ነገር ከበስተኋላው አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጭራው እንደ ሹካ ሁለት የተከፈለ ከሆነ የዚህ ወገን ነው። የወፍና የሌላ እንስሳ ትልም ሹካ ጭራ ስላለው የመጨረሻውን ቃል ላቦራቶሪ ይስጥ። አንድም ባይወጣ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በአንድ ውሃ ከብዙዎቹ የታመሙት ጥቂቶች ስለሚሆኑ ቢያንስ 50 ያህል ፈትሹ። ሲጨርሱ ብርጭቆውን በፈላ ውሃ እጠቡት፣ ያ ውሃ እጅ እንዳይነካ።

የውሃውን ፍጥነትም ለኩና ንገሩን። 3 ሜትር ለክታችሁ አንድ ደረቅ እንጨት ጣሉ፣ በስንት ሰከንድ ይሄዳል?

የከብት ጤና (ከሚሴ)

ሐይቅ ዳር የሰውን ነገር ብሏል፣ እኔ ሦስተኛውን ስሱን ላንሳ፤ አፉ በስተቀኝ ከሆነ እሱ ሊምኒያ ነው። የከብትና የበጉን የጉበት ትል የሚያስተላልፈው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሰውም ከብትም በአንድ ቦይ ይጠቃሉ።

ሁለት ሊምኒያ አለ። ትንሹ፣ እስከ 10 ሚ.ሜ. የሚሆነው፣ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከዳሩ እርጥብ ጭቃ ላይ ይቀመጣል፤ ጭቃ ሲደርቅም ተቀብሮ ለወራት ይቆያል። ትልቁ፣ እስከ 25 ሚ.ሜ. የሚደርሰው፣ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ትንሹ ሄፓቲካ የሚባለውን፣ ትልቁ ጋይጋንቲካ የሚባለውን ትል ይሸከማሉ። በኢትዮጵያ ሄፓቲካ የከፍታው ነው፣ ጋይጋንቲካ ከ1800 ሜትር በታች፣ ከ1200 እስከ 1800 ሜትር ባለው ደግሞ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ። የእናንተ ቀበሌና የጨፋው ሜዳ በዚህ ድብልቅ ውስጥ ነው የሚወድቁት። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብቱ ሁሉ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፤ ትሉ ከሊምኒያ ወጥቶ ጭራውን ጥሎ በሣሩ ግንድ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ተለጥፎ ይጠብቃል። ስለዚህ እርጥብ የቦይ ዳር ሣር አታግጡ፤ አጭዳችሁ አድርቃችሁ ስጡ፣ ሲደርቅ ትሉ ይሞታል። መጠጡን ከቦዩ አርቃችሁ በተለየ የመጠጫ ገንዳ አድርጉት፣ የገንዳው ዙሪያ ጭቃ ከሆነ ግን ሌላ ሊምኒያ ቤት ሠራችሁ ማለት ነው፤ በድንጋይ አንጥፉት።

መድኃኒትን በተመለከተ አልቤንዳዞል በጉበት ያደገውን ትል ብቻ ነው የሚገድለው፣ ወጣቱን አይነካም። ትሪክላቤንዳዞል ወጣቱንም ያገኛል። የትኛውና መቼ የሚለውን የእንስሳት ሐኪም በክብደት ይወስን። ሥጋውና ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁ።

መስኖ ሐርቡ

ጀዛኩሙላህ። ዛሬ ለካን፣ እንጨቱ 3 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ሄደ። ጠፍጣፋው 12 ሚ.ሜ. ነው፣ ሥጋው ቀላ ይላል። ገንዳው ውስጥ በቅጠል ሥር እንደ ጄሊ ያለ ዕንቁላልም አይተናል። ሊምኒያውም አፉ በስተቀኝ ነው። ዓሣ ገንዳው ውስጥ የለም፣ ቦርከና ግን አለ።

እንዶድ ደሴ

ባዮምፋላሪያ ነው። ያ ጄሊም የእሱ ወይም የዘመዶቹ ዕንቁላል ነው።

እንዶድ በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ ተከማችቶ አዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተጠና፤ ለሰውም ለከብትም ከሌላው መርዝ የተሻለ ቢሆንም ዓሣን ይገድላል። ሁለት ክዳን ያላቸውንም ይገድላል፤ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱቦ የሚደፍነውን ዛጎል ሊያጠፉበት የፈተኑት ለዚህ ነው። የእናንተ የምስር ፍሬም አብራ ትሄዳለች ማለት ነው።

ለሂሳቡ የናንተ ቦይ የውሃው የላይኛው ገጽ ፍጥነት በሰከንድ 0.15 ሜትር ነው። አማካዩ ፍጥነት ከገጹ ዝቅ ስለሚል በ0.8 አባዙት፤ 0.6 በ0.25 በ0.12 ሲባዛ በሰከንድ 18 ሊትር ነው። በሊትር 10 ሚሊግራም ዱቄት ለ24 ሰዓት ብትሰጡ ከ15.5 ኪሎ በላይ ይፈጃል፣ ሁሉም ወደ ቦርከና ይወርዳል። በቦዩ ላይ አታድርጉት። ገንዳው ግን 80 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 80 ሺህ ሊትር ነው፤ በ10 ሚሊግራም 800 ግራም ይበቃል። መውጫው በትክክል ከተዘጋ እዚያ ብቻ ሥሩ፣ ከወረዳው ጤናና ግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ።

ፍሬው የሚለቀመው ሙሉ አድጎ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይቀላ ነው። አድርቁት፣ በሙቀጫ ውቀጡ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ዱቄቱ ዓይን ክፉኛ ያቃጥላልና መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይኑር፣ ከልጅ ርቆ ይወቀጥ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ዘፍዝፉት፣ በሙቅ ውሃ ብትዘፈዝፉት ይበላሻል። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን የሚዘጋጀው ፍሬው ውስጥ ባለው ኢንዛይም ነው፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ሲገድል አረፋው ቢኖርም ገዳይነቱ ይጠፋል። 800 ግራሙን በ20 ሊትር ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ በሻሽ አጥልሉ፣ በውሃ ማጠጫ ጣሳ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ መሐሉን እርጩ።

10 ሚሊግራም የሚበቃው ለጠንካራው ዝርያ፣ ዓይነት 44 ለሚባለው ነው። የአጥር እንዶድ ደካማ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ፈትኑ። 1 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አሳድሩ፤ ከዚያ በመርፌ 10 ሚ.ሊ. ቀድታችሁ በአንድ ሊትር የገንዳ ውሃ ጨምሩ፣ 10 ሚሊግራም ሆነ። በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው ምንም። በእያንዳንዱ 10 ቀንድ አውጣ ለ24 ሰዓት ይሁን። ቀንድ አውጣ ሲሸሽ ገብቶ የሞተ ስለሚመስል ለቅማችሁ በንጹሕ ውሃ ሌላ 24 ሰዓት አቆዩ፤ ያኔ ያልተንቀሳቀሰውን ቁጠሩ። ምንም ባልተጨመረበት ከአንድ በላይ ከሞተ ፈተናው አይቆጠርም። 9 ወይም 10 የገደለውን መጠን ውሰዱ። ውሃው ደለልና ቅጠል የበዛበት ከሆነ ቅጠሉን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ሳፖኒኑን ይበላዋል።

ዕንቁላሉን እንዶድ አይገድልም። በ7 እስከ 10 ቀን ይፈለፈላል፣ ግልገሉም ራሱን ችሎ ለመራባት ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ርጭት ከ14ኛው እስከ 21ኛው ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ረጭቶ ይተወዋል፣ በሁለት ወር ገንዳው ይሞላል። አንድ ቀንድ አውጣ ብቻውን ራሱን አዳቅሎ ይወልዳልና። ሳፖኒኑ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል፤ ቢያንስ 3 ቀን ዘግታችሁ፣ ከብትና ልጅ እንዳይቀርብ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ወደ ማሳ ልቀቁት እንጂ ወደ ወንዙ አትልቀቁ።

ሐይቅ ዳር

የእንዶዱ ሂሳብ ትክክል ነው። እኔ ግን ቦዩን አስቀድሙ እላለሁ፤ ገንዳው ቢጸዳ ቦዩ እንደገና ይዘራዋል።

ባዮምፋላሪያ በሰከንድ ከ0.3 ሜትር በላይ በሚሄድ ውሃ ብዙም አይቀመጥም። 18 ሊትሩን በ30 ሳ.ሜ. ወርድና በ20 ሳ.ሜ. ጥልቀት ብታሳልፉት 0.3 ይደርሳል፤ ተዳፋቱ ከፈቀደ ቦዩን በግማሽ ማጥበብ ነው ያለባችሁ። ከ0.6 በላይ ከሆነ ለስላሳ አፈር ይሸረሽራል። ሣሩን ከሥሩ ነቅላችሁ ማውጣት ብቻ እንኳን ውሃውን ያፈጥነዋል። የምታወጡትን ደለል ዳር ላይ አትከምሩት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ይገባል፤ ርቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ስትጠርጉ ቡትና የጎማ ጓንት አድርጉ፣ በማለዳ ሥሩ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ሰርካሪያው የሚበዛበት ነውና። ሣር ያልተነቀለበት አንድ ክንድ ብትተዉ እዚያው ተሸሽጎ ይጠብቃችኋል።

ከምንጩ በላይ ሽንት ቤት የሌለው ቤት ካለ ደግሞ እሱን ሳትይዙ ስለ ቀንድ አውጣ ማውራት ጊዜ ማጥፋት ነው።

መስኖ ሐርቡ

እሺ፣ ቦዩን ቅዳሜ በወንፈል እንጀምራለን። ልጆቹስ እስከዚያው?

ሐይቅ ዳር

ገንዳውን አጥሩት። ለገላ የሚቀዳው ውሃ ቀንድ አውጣ በማይገባበት በተከደነ በርሜል ሁለት ቀን ሙሉ ይደር፤ ሰርካሪያው ከ48 ሰዓት በላይ አይኖርም። ሲዋኙ የከረሙትን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፣ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ሆኖ በክብደት ይሰጣቸዋል። መድኃኒቱ ገና ያልጎለመሰውን ትል ስለማይገድል መዋኘቱ ከቆመ 6 ሳምንት በኋላ ዓይነ ምድራቸው እንደገና ይመርመር።