የሴንተራችን መከላከል በምን ይለካ?

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን ለጥፌዋለሁ፣ አንብቡት። ለቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሴንተር፣ ከሪንግ ሥር ለሚቆመው ረጅሙ ልጃችን፣ ሌላ ክለብ እንዳይሄድ ከማኅበሩ ከሚወጣው የማቆያ ብር ግማሹ በመከላከሉ እንዲታሰብ ተስማምተን ነው የተለያየነው። ማጥቃቱ ላይ ክርክር የለም። የቀረው መከላከሉን በምን እንለካው የሚለው ነው። እኔ ያስቀመጥኩት ብሎክ (የተወረወረን ኳስ አየር ላይ መትቶ ማስቀረት)፣ የመከላከል ሪባውንድ (እነሱ ስተውት የተመለሰን ኳስ ማውረድ)፣ ፋውል፣ እና እሱ ሜዳ ላይ ሲሆንና ሲቀመጥ የሚገባብንን ነጥብ ነው። እሁድ ጉባኤው ላይ ይቀርባል፣ እስከ ዓርብ ጨርሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ ብሎክ በብር ከታሰበ ለእያንዳንዱ ኳስ ሊዘል ነው። የሚወረውሩ መስለው በአንድ ፌክ አየር ላይ ያስቀሩታል፣ ፋውሉ ይሞላል፣ አራተኛው ሩብ ላይ ቤንች ላይ ይቀመጣል። ብሩ የአባሉ መዋጮ መሆኑን አትርሱ።

አሰልጣኝ፦ ልክ ነህ። ብሎክ ብቻውን ያታልላል። ሴንተሩ ሩዲ ጎቤር እ.ኤ.አ. በ2018፣ 2019፣ 2021 እና 2024 የአሜሪካው ሊግ የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል፣ ልክ እንደ ሙቶምቦና ቤን ዋላስ አራት ጊዜ። ትልቁ ሥራው ግን ወረቀት ላይ አይወጣም። የተጋጣሚ ጋርድ፣ ኳስ ይዞ የሚመራው ተጫዋች፣ ይገባል፣ ጎቤርን ያያል፣ ይመለሳል። ባለፈው ጨዋታ የኛ ልጅ ሦስተኛው ሩብ ላይ አንድም ብሎክ አልነበረውም። የነሱ ሰባት ቁጥር ግን በቀኝ ሰብሮ ገብቶ፣ አንድ እግሩ ፔይንት (ከሪንግ ሥር የተቀባው ክልል) ውስጥ እንዳለ የልጁን እጅ አየና ኳሷን ወደ ኮርነር መልሶ አወጣት። ቀጥሎም እንደዛው። ከዛ በኋላ መግባቱን ትቶ ከሩቅ ብቻ ሲወረውር ዋለ። ረቂቁ ላይ «ገብቶ የተመለሰ» የሚል ይጨመርልኝ።

የካዛንቺሱ፦ ጎቤርን ለምሳሌ አታምጡብን ጋሼ። በ2021 ክሊፐርሶች አምስት ተኳሽ አስገብተው ከሪንግ አወጡት፣ ቴራንስ ማን ብቻውን 39 አገባ፣ ያኔ የጎቤር ቡድን የነበሩት ዩታ በ25 ነጥብ ሲመሩ የነበረውን ጨዋታ ተሸንፈው ተሰናበቱ። በ2024ም ዶንቺች ፊት ለፊቱ ወደኋላ ተስቦ ሦስት ነጥብ ከተተበት፣ ጨዋታው 109 ለ108 አለቀ። የኛም ልጅ ከሪንግ ሲርቅ እግሩ ይታሰራል። መለካት ያለበት እሱ ነው።

አሰልጣኝ፦ ቴራንስ ማን ኮርነር ላይ ነፃ የቆመው ጋርዶቹ ስለተበለጡ ነው። ጎቤር የነሱን ቀዳዳ ሊደፍን ሲገባ የራሱ ሰው ነፃ ሆነ። ይህንን በሴንተር ላይ ከቆጠርክ ነገም የኛን ልጅ የምትቀጣው በጋርዶቻችን ስንፍና ነው።

ዳኛ፦ የኤንቢኤ ቁጥር ስታመጡ ሕጉንም አምጡ። እዛ ሴንተር ሰው ሳይዝ ፔይንት ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ነው፣ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ጨዋታውም 40 ደቂቃ እንጂ 48 አይደለም፣ ተጫዋች የሚወጣውም በአምስት ፋውል ነው። የልጁን ብሎክ ከኤንቢኤው ሴንተር ከዌምባንያማ ጋር የሚያወዳድር ካለ ይተወው።

የዶሮ ማነቂያው፦ ከሜዳ የወጣ ብሎክ ይቆጠራል እንዴ? ልጁ እኮ ኳሱን ከአጥሩ ውጪ ነው የሚሰደው። ኳሱ መልሶ ለነሱ ነው። ለዚህ ብር አይከፈልም።

የካዛንቺሱ፦ ለምን አይከፈልም? ሊገባ የነበረ ኳስ አልገባም። አለቀ።

የዶሮ ማነቂያው፦ አላለቀም። የቦስተኑ ሴንተር ቢል ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ የወሰደው ኳሱን መትቶ ለጓደኛው ስለሚያወርድ ነው። ከብሎኩ ሌላ ማጥቃት ይጀምራል። በሱ ዘመን ብሎክ እንኳ አይመዘገብም ነበር፣ ኤንቢኤ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ደጋፊው የሚነሳው በምን ሆነና? ኳሱ አጥር ሲሻገር አይደል? ያንን ድምፅ ሰምቶ የሚደነግጥ ተጋጣሚ አለ። ይቆጠር።

የዶሮ ማነቂያው፦ ጩኸት ነጥብ አይሆንም።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ አንተ ደግሞ ልጁን ስትጠላው ከድሮ ነው። ወንድምህ ከአሰላለፍ ከወጣ ጀምሮ።

የዶሮ ማነቂያው፦ ወንድሜን ከአፍህ አውጣ! እኔ ሰፈሬ ፈርሶ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ እየመጣሁ መዋጮ የምከፍል ሰው ነኝ። የማኅበሩን ብር መጠበቅ ጥላቻ ከሆነ ስሜን ከመዝገብ ሰርዙት።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚሰረዝ ስም የለም። ውጪ የወጣው በግማሽ ይያዝ።

የካዛንቺሱ፦ ግማሽ ምን ማለት ነው? ነክቶት፣ ቦርድ መትቶ፣ ከዛ በተጋጣሚ እጅ ከወጣስ?

ዳኛ፦ ያ ለእኛ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሙሉ ነው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ግማሽ አልቀበልም።

ጸሐፊ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ብሎክ ላይ ተቸክለን ቀረን። አሰልጣኙ ያነሱት «ገብቶ የተመለሰ» ላይ እስካሁን አንድ ሰው አልመለሰም። ደግሞ የሰብሳቢው የመግባትና የመቀመጥ ንፅፅርም ችግር አለበት። ልጁ የሚያርፈው የነሱም ምርጦች ሲያርፉ ነው፣ ስለዚህ ሲቀመጥ ጥቂት ነጥብ ቢገባብን አይገርምም። ዋናው ጥያቄ ግን ማን ይቆጥራል? ኳሷን ሳይሆን ልጁን ብቻ እያየ አርባ ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

የካዛንቺሱ፦ እኔ አለሁ።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ እኔም። ሁለት ሆነን ለየብቻ እንጽፍና እናመሳክራለን።

አሰልጣኝ፦ ጥሩ። ስክሪን ሲመጣበት፣ ማለትም አንዱ ተጋጣሚ ቆሞ ለጋርዱ መንገድ ሲከፍትለት፣ የት እንደሚቆምም ጻፉ። ወደኋላ ያፈገፍጋል ወይስ ወጥቶ ጋርዱን ይጋፈጣል? የዴንቨሩ ሴንተር ዮኪች ከፍ ብሎ አይዘልም፣ ግን ቀድሞ ቆሞ በእጁ ኳስ ይነጥቃል፣ ዴንቨርም በ2023 ዋንጫ በልቷል። የኛ ልጅ ዘላይ ነው፣ የአቋቋም ችግር ግን አለበት። ይህን ካልጻፍን ብሩን ከፍለን ምንም አላስተማርነውም።

ጸሐፊ፦ ቅዳሜ አራት ኪሎ ጨዋታ አለ፣ እንሞክረው። ቆጣሪዎች በሰዓቱ ተገኙ።

የካዛንቺሱ፦ ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ። ሌላ ሰው ተኩ።

ጸሐፊ፦ የሠራተኛ ሰፈሩስ? መልእክቱን እንዳየኸው ይታያል።

ዳኛ፦ ቆጣሪ ቢገኝም የሚቀመጥበት የለም። ቁጭ የምንልበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ ወልቋል፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፣ የማሊያ ቁጥር እንኳ አይታይም።

የዶሮ ማነቂያው፦ እንግዲያው ካሜራ ይገዛ። ከላይ ከደረጃው ይቀረጽና ማታ ቁጭ ብለን እንቁጠር። የወጣውንም ያልወጣውንም ብሎክ ሁላችንም እናየዋለን። በትናንቱ ነገር ሠራተኛ ሰፈርን አልቀየምኩም።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ እኔም አልቀየምኩህም። ስልክ ዘግቶብኝ ነው የጠፋሁት። ካሜራው ላይ ተስማምቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየት ነው የሚገዛው? ካዝና ውስጥ ያለው የማቆያው ብቻ ነው።

የዶሮ ማነቂያው፦ ከመከላከሉ ድርሻ ላይ ይቀነስ። መለካት ካልቻልን በምን ልንከፍለው ነው?

አሰልጣኝ፦ ልጁ በዚህ ተናዶ ሌላ ክለብ ቢሄድ ካሜራው ሪባውንድ አያወርድላችሁም። እኔ የጠየቅኩት አንድ ዓምድ ነበር።

ጸሐፊ፦ እሁድ የሚቀርበው እንዲህ ተስተካክሏል። አንደኛ፣ ካሜራና ማቆሚያ ይገዛ። ሁለተኛ፣ የቆጣሪዎች ጠረጴዛ ይጠገን፣ ዳስም ይሠራለት። ሦስተኛ፣ የሴንተሩ ግምገማ ቀረጻው ሲጀመር ይታይ። «ገብቶ የተመለሰ» በአባሪነት ተያይዟል። የወጣ ብሎክ ግማሽ ወይስ ሙሉ የሚለው በድምፅ ይወሰናል።

የካዛንቺሱ፦ ሙሉ ነው።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይህ ከሆነ ከሥሩ የኔን ስም አውጡ። የዳሱን ዋጋ ግን ከፒያሳ አጠይቄ እሁድ ይዤ እመጣለሁ።