ያልተመረመረ የግቢ ጉድጓድ ውሃ መሸጥ ይከልከል ወይስ ይተው?

የመቂው፦
ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱን። እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ከመጣች እንግዳ ናት። አቅም ያለው ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ በጀሪካን ይሸጣል፣ ሌላው ይገዛል። አማቴም ያስቆፈሩት አላቸው፤ የምንጠጣው የእሳቸውን ነው። ሰሞኑን በሰፈር ስብሰባ "ላብራቶሪ ያላየው ውሃ አይሸጥ" የሚል ሐሳብ ተነስቶ ሰው ለሁለት ተከፈለ። እኔ አይሸጥ ባይ ነኝ። አማቴ ይህን ካወቁ ምሳ አይሰጡኝም። ምክንያቴ የልጄ ጥርስ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አዲስ የበቀሉት የፊት ጥርሶቿ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር አለ፤ የታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሻይ የተደፋበት ይመስል ቡኒ ሆኗል። አሁን አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ባለጉድጓዱ፦
ከልክሉ ማለት ቀላል ነው ወንድሜ። እኔ ያስቆፈርኩት ተበድሬ ነው። ውሃዬ ኩልል ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ጨው ጨው አይልም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠጥቶ ምንም አልሆነም። ነገ ሲዘጋ ሰዉ ወዴት ይሂድ? ከብት ወደሚገባበት ሐይቅ? ጥርስ ቡኒ ሆነ ተብሎ ልጅ በተቅማጥ ይሙት? ቅደም ተከተሉን እወቁ እንጂ።

ላብ ቴክኒሻን፦
ጋሼ ባለጉድጓዱ፣ የተቅማጡ ነገር እውነትዎን ነው፣ አልከራከርም። ኩልል ማለቱ ግን ምንም አይነግረንም። የልጆቹን ጥርስ እንዲህ የሚያደርገው ውሃ ውስጥ ሲበዛ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ነው፤ እሱ ደግሞ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለነው ድንጋያችን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ውሃው እዚያ አለት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥልቁ ጉድጓድ ከጀርም የጸዳ ሆኖ ፍሎራይዱ ይበዛበታል፣ በእጅ የተቆፈረው ደግሞ ፍሎራይዱ ያንስና ከሽንት ቤት የሚሰርገው ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፣ ሁልጊዜ አይደለም። ጎረቤታም ጉድጓዶች ውጤታቸው ሲለያይ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሳይመረመር "የእኔ ደህና ነው" ማለት ግምት ነው።

እማማ ብርቄ፦
አፍልተን ብንጠጣስ ልጄ? ውሃ አጋርም እንጨምራለን።

ላብ ቴክኒሻን፦
እማማ፣ ሁለቱም ለጀርም ነው የሚረዳዎት፣ ያንን አይተዉ። ለፍሎራይድ ግን ማፍላት ጭራሽ ያባብሰዋል። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ወጡም ሻዩም እንደዚያው ነው።

አዳሜ፦
የአዳማ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ አፌን ስከፍት "የናዝሬት ልጅ ነህ አይደል?" ይሉኝ ነበር። በከሰል ፈተግኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ ወይ ፍንክች! ከውስጥ ነው፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ነው የተበላሸው። ከተማው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ከጀመረ በኋላ ያደጉት ታናናሾቼ ግን ጥርሳቸው ወተት ነው። እናታችንም አባታችንም አንድ ናቸው፣ የተለየው ውሃው ብቻ ነው።

የሸንኮራው ልጅ፦
ጥርስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ነው የኖረው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ ሰው መጣ፣ ካምፕ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ኖረ። አባዬን ከኋላ ስንጠራው አንገቱ አይዞርም ነበር፣ መላ ሰውነቱን እንደ በር አዙሮ ነው የሚያየን። ልጆች ሆነን ኩራት ይመስለን ነበር። ሐኪሞቹ ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ገብቶ አድርቆት ነው ያሉን ከሥራ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሼ ባለጉድጓዱ፣ "ጠጥቶ ምንም አልሆነም" ያሉት አስር ዓመት ቆይተው ይታይ።

ባለጉድጓዱ፦
አባትህን ነፍስ ይማር። እሺ፣ ይመርመር። ክፍያውን ማን ይችላል? ውጤቱ መጥፎ ከሆነስ ብድሬን ማን ይከፍላል? ማጣሪያ አለ ይባላል፣ ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ። ሚስቴ ሰምታ "በጾም የአጥንት ውሃ ልታጠጣን ነው?" ብላ አሳቀችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አላለኝም።

ላብ ቴክኒሻን፦
የአጥንት ከሰሉ ይሠራል። በደንብ ካልተቃጠለ ግን ይሸታል፣ ጊዜው ሲያልፍም ካልተቀየረ ማጣራቱን ያቆማል፤ ያኔም ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ሰው ይሸወዳል። እኔ ጉድጓዱ ይዘጋ አላልኩም። ለልብስ፣ ለከብት፣ ለሽንኩርቱ ማን ከለከለ? ለመጠጥና ለወጥ የሚፈለገው ትንሽ ነው። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሶ የቀረውን በሮቶ ማጠራቀም ይቻላል፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ጥርሳቸው ገና ለሚሠራ ልጆች፣ እስከ ስምንት ዓመት ላሉት።

አዳሜ፦
መጥፎ የወጣበት ጉድጓድ ላይ "ለመጠጥ አይሆንም" ተብሎ በቀይ ይጻፍ። ይሽጥ፣ ግን የሚገዛው ይወቅ። ምርመራውን ቦኖ መሥራት ያቃተው ክፍል ይክፈል!

የመቂው፦
ይህ ይሻላል፣ ሐሳቤን ቀየርኩ። ክልከላው ይቅርና ምርመራው ግዴታ ይሁን። አማቴን ዛሬ ማታ ለምኜ አሳምናለሁ። ናሙናው በምን ይያዝ?

ላብ ቴክኒሻን፦
ለፍሎራይድ ንጹህ የፕላስቲክ ሃይላንድ ይበቃል፣ የመስታወት ጠርሙስ አይሁን። በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው። ለጀርም ግን የራሱ የተቀቀለ ዕቃ ስላለው መጀመሪያ መጥተህ ከላብራቶሪ ውሰድ፣ በበረዶ አድርገህ በዚያው ቀን መልስ።

ባለጉድጓዱ፦
ስትሄድ የእኔንም አንድ ሃይላንድ ያዝልኝ። ለሰፈሩ ሰው ግን ውጤቱ ሳይመጣ አትንገር።