ህዳሴ እያለ ሲሚንቶ ፋብሪካ ለምን ድንጋይ ከሰል ያነዳል?

የደብረ ብርሃኑ ተቋራጭ፦

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ፤ ከሲሚንቶ ዋጋ ጋር ስታገል ነው የምውለው። ሰሞኑን አንድ አከፋፋይ «ዋጋውን የሚያንረው ከሰሉ ነው» አለኝና ገረመኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከመብራታችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነበር የሚመጣው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ ኤሌክትሪክ እየሸጥን ፋብሪካዎቻችን ድንጋይ ከሰል የሚያነዱት ለምንድን ነው? ያውም ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ በዶላር እየተገዛ። አሁን ደግሞ የአገር ውስጡ እየተካው ነው ይባላል፤ የሲሚንቶው ዋጋ ግን ያው አይቀመስም።

ሁለት ነገር የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። አንደኛ፣ በኤሌክትሪክ ማቃጠል አይቻልም ወይ? ሁለተኛ፣ የአገራችን ከሰል ጥራት የለውም የሚባለው እውነት ነው ወይስ የአስመጪ ወሬ? ፖለቲካ ግን አትጀምሩብኝ፣ በእናታችሁ።

ፈጣኑ፦

ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ኮሚሽን የሚገኘው ከግዢ እንጂ ከግድብ አይደለም። በቃ።

የኪልን ሰው፦

የላይኛው መልስ ያስቃል፤ ኪልን (ሲሚንቶው የሚቃጠልበትን ትልቅ የሚዞር ምድጃ) ግን አያሞቅም። እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ኮንትሮል ሩም ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በከባድ ዘይትም፣ በፔት ኮክም (ከድፍድፍ ዘይት ማጣሪያ የሚተርፍ ከሰል መሰል ነዳጅ ነው)፣ በደቡብ አፍሪካም በአገራችንም ከሰል ኪልን አንድጃለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ፤ ረዘም ቢል ታገሠኝ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩንና ሙቀቱን እንለያቸው። ፋብሪካው ኤሌክትሪክ በደንብ ይበላል። ድንጋይ መፍጫው፣ ወፍጮው፣ ፋኑ ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው፤ ለአንድ ቶን ሲሚንቶ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ኪልኑ ግን ሌላ ነው። የኖራ ድንጋዩና ሸክላ አፈሩ ክሊንከር (ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው እንክብል) እንዲሆኑ 1,450 ዲግሪ ድረስ መጋል አለባቸው። ለዚህ ደህና የሚባል ፋብሪካ ለአንድ ኪሎ ክሊንከር 800 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል።

ይኼን በኤሌክትሪክ እናድርገው ካልን፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 860 ኪሎ ካሎሪ ነውና ለአንድ ቶን ክሊንከር 930 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በቀን 5,000 ቶን የሚያወጣ አንድ ኪልን ሌት ተቀን 190 ሜጋ ዋት ይጠይቅሃል ማለት ነው። አሁን ወደ ህዳሴ እንምጣ። 5,150 የሚባለው ተርባይኖቹ ሁሉ ባንዴ ሲዞሩ ነው። በዓመት ያመነጫል የተባለው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለዓመቱ ሰዓታት ብታካፍለው 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ነው የሚወጣልህ። አንድ ኪልን ብቻውን ከዚህ ላይ ከአሥር አንዱን ሊውጥ ነው! ስንት ኪልን እንዳለን አንተው ቁጠር፦ ሙገር፣ መሰቦ፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ሐበሻ፣ የድሬዳዋው፣ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ትልቁ የለሚ ፋብሪካ። ቢበቃን እንኳ ክሊንከር በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል ለገበያ የደረሰ ኪልን በዓለም ላይ የለም፤ ያለው ሙከራ ነው።

ለምን ከሰል ላይ እንደወደቅን ለማወቅ ደግሞ ዘይቱን ማስታወስ ነው። ድሮ የሚነደው ከባድ ዘይት ነበር፤ ሥራው ምቹ፣ ቫልቭ መክፈት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2008 ድፍድፍ ዘይት በርሜሉ ከ140 ዶላር ሲያልፍ የሚችለው ጠፋ፤ ፋብሪካዎች በየተራ ወደ ከሰልና ወደ ፔት ኮክ ዞሩ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ከሰል አለን። ደልቢ ሞዬ፣ ያዩ፣ ጭልጋ፣ አርጆ፣ ዳውሮ፣ ኮንታ፣ እዚያው አንተ አጠገብ ሙሽ ሸለቆ። የለም የሚልህን አትመን፤ ከደቡብ አፍሪካው እኩል ነው የሚልህንም አትመን። የእኛ ከሰል የተፈጠረው ጥንት በእሳተ ገሞራ ንጣፎች መሃል በነበሩ ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ ነው። ጭቃውም አብሮ ተደርቦበታል፤ አመዱም እርጥበቱም ይበዛል። የደቡብ አፍሪካው በኪሎ 6,000 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጠኝ፣ የእኛው ሳይታጠብ መጥቶ 4,000 ከሰጠኝ ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው እላለሁ።

ሒሳቡን እየው። በ6,000 ለአንድ ቶን ክሊንከር 133 ኪሎ ከሰል ይበቃኛል፤ በ4,000 ደግሞ 200 ኪሎ። የመጀመሪያው 15 በመቶ አመድ ቢኖረው 20 ኪሎ ነው፤ ሁለተኛው 35 በመቶ ቢኖረው 70 ኪሎ። ይህ አመድ ተጠርጎ የሚወጣ እንዳይመስልህ፤ ክሊንከሩ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሲሊካና አሉሚና ስለሆነ በዚያው ልክ ኖራውን ከፍ አድርገን እናመጣጥነዋለን። ይህም ቢሆን አያሳስብም። ዓመቱን ሙሉ 35 ቢሆንልኝ ላብራቶሪው ቀምሮ ይሰጠኛል፣ እኔም ተኝቼ አድራለሁ። የሚገድለን ጠዋት 25፣ ማታ 42 ሲሆን ነው።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነህ እንበል። ስክሪኑ ላይ ነበልባሉ አጭርና ነጭ ነው፤ ሁሉ ሰላም። ሎደሩ ከሌላ ክምር መዛቅ ጀምሯል፤ ለአንተ የነገረህ የለም። ትንሽ ቆይቶ ነበልባሉ ይረዝማል፤ በርነሩ (እሳቱን የሚተፋው ቱቦ) አፍ ላይ ይጠቁራል። የኪልኑ ሞተር አምፔር መውረድ ይጀምራል፤ ውስጡ እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው። ከሰል ትጨምራለህ። ሳይነድ ያመለጠው ወደ ፕሪሂተሩ (ጥሬ ዕቃው ቀድሞ ወደሚሞቅበት ማማ) ይወጣና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽቅብ ይሄዳል፤ ካለፈ ደግሞ የአቧራ ማጣሪያው ፍንዳታ ፈርቶ ራሱን ያጠፋል። ወደ ኪልኑ የሚገባውን ጥሬ ዕቃ ትቀንሳለህ፣ ፍጥነቱን ትቀንሳለህ፣ እንደዚያ ስትል ይነጋል። ጠዋት ላብራቶሪው ፍሪ ላይሙ (ሳይዋሃድ የቀረው ኖራ) 4 በመቶ ነው ይልሃል፤ ከ1.5 በታች መሆን የነበረበት። ያ ክሊንከር ለብቻው ይከመራል፤ በልኩ እየተቀላቀለ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል። የሲሚንቶህ ዋጋ ውስጥ ይህም አለ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቀኝ፣ የአገር ውስጥ ከሰል ጉዳይ ስንት ቶን ተመረተ የሚለው አይደለም። ዜናው ሁሉ ቶን ይቆጥራል። ከሰል በኩንታል እስከተገዛ ድረስ ወተት በሊትር እንደመግዛት ነው፤ የሚያተርፈው ውኃ የቀላቀለው ነው። ውሉ በካሎሪ ይሁን፤ አመድና እርጥበት ከልኩ ሲያልፍ የሚቀነስበት ይሁን። ያን ጊዜ ማንም ሳያስገድደው ባለ ማዕድኑ ራሱ ማጠቢያ ያቆማል።

ባለ ተሳቢው፦

ጋሼ የኪልን ሰው፣ እጅዎን ይባርከው። ሹፌር ነኝ፤ ከዳውሮ በጭዳ፣ በጅማ አድርጌ ነው የማመላልሰው። እርስዎ ያሉትን እኔ በጎማዬ አውቀዋለሁ። 400 ኩንታል ጭኜ 35 በመቶው አመድ ከሆነ 140 ኩንታል ድንጋይ ነው አገር አቋርጬ የማመጣው ማለት ነው። ናፍጣው ግን ለድንጋዩም እኩል ይነዳል።

ክረምት ላይማ አይወራም። ክምሩ ሜዳ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ያድራል፣ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። ሸራ የሚያለብሰው የለም፤ ለምን ያልብስ? እሱ የሚሸጠው በኩንታል፣ እኔ የሚከፈለኝ በኩንታል፣ ደላላው የሚቆርጠው በኩንታል። ቁልቁለት ላይ የሚንጠባጠበው ጥቁር ውኃ ሁሉ ሒሳብ የተከፈለበት ነው።

ናሙና አወሳሰዱን ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ በር ላይ (ስሙ ይቅር) ናሙና የሚወስደው ልጅ ተሳቢው ላይ ይወጣና ከላይ ከላይ በአካፋ አንስቶ ይወርዳል። ጫኞቹ ይህን ስለሚያውቁ የሚያብረቀርቀውን መጨረሻ ላይ ነው የሚጭኑት። ከሥር ያለውን የሚያየው የእርስዎ ኪልን ብቻ ነው።

ከኤሰን፦

ጀርመን፣ ሩር አካባቢ ነው የምኖረው። አገሩ በሙሉ በድንጋይ ከሰል የተሠራ ነው። የመጨረሻው የጥቁር ከሰል ጉድጓድ ቦትሮፕ ላይ በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ እዚህ ከተማችን ያለው ዝነኛ ማዕድን ማውጫ ዛሬ ሙዚየም ነው። ለመብራት የሚነደውንም ከሰል እስከ 2038 እናቆማለን ብለው ሕግ አውጥተዋል። ዓለም ከዚህ እየወጣ እኛ አሁን ገና ማዕድን መክፈታችን አያሳዝንም? የዱይስበርግ ብረት ፋብሪካዎች ዛሬም ከሰል ያስመጣሉ፣ እሱን አልክድም።

የደብረ ብርሃኑ ተቋራጭ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ወንድሜም የናሙናውን ነገር በመንገርህ ተባረክ፤ አሸዋ ላይ እኛም እንዲሁ ነው የሚሠራብን። ግን ኤሌክትሪኩ ለኪልን ካልሆነ ለየትኛው ኢንዱስትሪ ነው የሚውለው? ገለባና ቁጥቋጦ ማንደድ የሚባለውስ?

የኪልን ሰው፦

ኤሌክትሪኩ የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል። የብረት ፋብሪካዎቻችን ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡት በኤሌክትሪክ ነው፤ የማዕድን ብረት በከሰል የሚያቀልጥ ምድጃ የለንም። ከዚያ ቀጥሎ ቢራውና ጨርቃ ጨርቁ አለ። እነሱ የሚፈልጉት ከ200 ዲግሪ የማያልፍ እንፋሎት ነው፤ ለዚህ የኤሌክትሪክ ቦይለር ገበያ ላይ አለ። ከውጭ የሚገባ ነዳጅ የሚያነድ ቦይለር ካለ መጀመሪያ መቀየር ያለበት እሱ ነው።

ለእኛ ለሲሚንቶዎቹ ከብዛቱ ይልቅ አለመቆራረጡ ይሻለናል። ኪልን ስድሳ ሜትር የሚረዝም የጋለ ቱቦ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቶሎ በናፍጣ ሞተር ቀስ እያልክ ካላዞርከው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ቢተርፍም ውስጡ ያለው ጡብ ሙቀቱ ሲወርድና ሲወጣ ይሰነጠቃል። መልሶ ለማጋል ደግሞ መጀመሪያ ናፍጣ፣ ቀጥሎ ከሰል ሰዓታት ሙሉ ሲነድ አንዲት ፍሬ ክሊንከር አይወጣም። ስለዚህ መስመሩ ሲስተካከል ከሰልም ይቆጠባል፤ ይህን የሚያስብ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ገለባው ይነዳል። መሰቦዎች የሰሊጥ ገለባ ሞክረዋል፤ አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው ቁጥቋጦም ጥሩ ሙቀት አለው። ችግሩ ቦታ መያዙ ነው፤ ባለ ተሳቢውን ጠይቀው፣ መኪናው ይሞላል እንጂ ሚዛን አይደፋም። ከጠቅላላው ላይ የተወሰነውን ይተካል፣ ሁሉን አይተካም።

ለኤሰኑ ወንድማችን፦ እነሱ የሚዘጉት መብራት የሚያመነጨውን ነው፤ እኛ ድሮውንም መብራት በከሰል አላመነጨንም። ደግሞ ከሲሚንቶ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው፤ በፀሐይም ብታጋለው ይወጣል። ከሰልንም ካርቦንንም ባንዴ የሚቀንሰው ክሊንከሩን መቀነስ ነው። ለዚህ ደግሞ እኛ የታደልን ነን፤ ስምጥ ሸለቆው ሙሉ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው። ፒፒሲ የምትሉት ሲሚንቶ ክሊንከር ከፑሚስ ጋር ተፈጭቶ ነው፤ ኦፒሲው ግን ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ ነው፤ ፑሚሱ ኪልን አያይም።

ተቋራጩ፣ አንተ ለልስንና ለግንብ የምትገዛው የቱን ነው?

የደብረ ብርሃኑ ተቋራጭ፦

እውነቱን ልንገርዎት፣ ኦፒሲ ከተገኘ ለሁሉም እሱን ነው የማነሳው። አናጢዎቹ ፒፒሲ ፎርም (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ) ለብዙ ቀን ያስይዛል፣ ቶሎ አይጠነክርም ይሉኛል።

የኪልን ሰው፦

ለኮለንና ለሶሌታ እውነታቸውን ነው፤ በተለይ በእናንተ ብርድ ፒፒሲ ይዘገያል፣ ፎርሙን ቶሎ የምታነሳ ከሆነ ኦፒሲ ይሁንልህ። ለልስን፣ ለብሎኬት ግንብ፣ ለመሠረት ድንጋይ ግን ፒፒሲ ይበቃል፤ ውኃ በደንብ አጠጣው እንጂ። ዋጋውንም በኩንታል አስተያይተህ እየው።

ባለ ተሳቢው፦

ጋሼ፣ ፑሚስ የሚጫንበት ካለ ስልኬን በውስጥ መስመር ልላክልዎት? ቢያንስ እሱ አይጨስም፤ ባለፈው የፋብሪካው ግቢ ከሰል ክምር ከውስጥ ሲጨስ አይቼ መኪናዬን ነው ያሸሸሁት።

የኪልን ሰው፦

ላክልኝ። ክምሩን በተመለከተ፣ የእኛ ከሰል ቶሎ ይሞቃል፤ በሎደር ተረግጦ አየር ካልተነፈገው ከመሃሉ እሳት ይነሳል። ውኃ ብትረጭበት ይብሳል። የሚጨሰውን ቆርጦ ማውጣትና ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይነደድ። መኪናህን ማሸሽህ ጥሩ አድርገሃል።